መህርና ጥሎሽ፦ ልማድ በኒካህ ውል ውስጥ ያለው ስፍራ

በሀገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ጋብቻ ሲፈጸም ሁለት ዓይነት ሀብት ከወንዱ ወገን ወደ ሴቷ ወገን ይሻገራል። አንደኛው መህር ነው፤ በኒካሁ መጅሊስ ምስክሮች ባሉበት የሚነገር፣ ሸሪዓ ግዴታ ያደረገው የሚስት ሐቅ ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ የሚመጣው ጥሎሽ ነው፤ ልብሱ፣ ጌጡ፣ ጫማው፣ ሽቶው፣ አንዳንዴም ጥሬ ገንዘቡ። ሠርጉ እንደ ሠርግ ሆኖ ሲያልፍ የሁለቱ መለያየት ማንንም አያስጨንቅም። ጥያቄው የሚነሣው ትዳሩ ሲፈርስ ወይም ባል ሲሞት ነው። የአንገት ወርቁ የማን ነው? መህር ነበር ወይስ ስጦታ? ቀሪ የተባለው መህር መቼ ይከፈላል? ከውርስ በፊት ነው ወይስ ከውርስ ጋር? እነዚህ ጥያቄዎች መጀመሪያ የሚደርሱት ለቃዲ አይደለም፤ ኒካሁን ላሰረው ኢማም ነው። መልሱም በአብዛኛው የሚወሰነው ኢማሙ በዚያ ቀን ባስነገረው ወይም ሳያስነግር በተወው ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ ልማድ፣ በፊቅህ አጠራር ዑርፍ፣ በመህር ጉዳይ ላይ ምን ያህል ሥልጣን እንዳለውና የት ላይ ሥልጣኑ እንደሚያበቃ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

መህር የሚስት ሐቅ መሆኑን በሰፊው ማስረዳት ለዚህ መጽሔት አንባቢ አያስፈልግም። የሱረቱ ኒሳእ 4ኛው አንቀጽ መህርን ለሴቶቹ ለራሳቸው በስጦታነት እንዲሰጥ ያዛል፤ 20ኛው አንቀጽ ደግሞ የተሰጠው የወርቅ ክምር እንኳ ቢሆን ከእርሱ መልሶ መውሰድን ይከለክላል። መጠኑን በተመለከተ ሱና ሰፊ ሜዳ ትቶልናል። ሰህል ኢብኑ ሰዕድ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ የብረት ቀለበት እንኳ ያላገኘው ሰው ከቁርኣን በሚያውቀው ተድሯል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በሙስሊም ዘገባ እንደገለጹት የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሚስቶች መህር 12 ተኩል ኡቂያ፣ ማለትም 500 ዲርሀም ነበር፤ ይህም ወደ አንድ ኪሎ ተኩል የሚጠጋ ብር ነው። ከዚህ መጠን ጎልታ የወጣችው በእኛው ምድር በስደት ላይ የነበረችው ኡሙ ሐቢባ (ረ.ዐ) ናት፤ ነጃሺ ነቢዩን ወክሎ 4,000 ዲርሀም እንደሰጣት አቡ ዳዉድና ነሳኢይ ዘግበዋል። የሐበሻ ንጉሥ ከኪሱ የከፈለው መህር በሲራ ኪታቦች ውስጥ ከሚጠቀሱት ከፍተኞቹ መካከል መሆኑን በሀገራችን ስንቱ ተማሪ እንደሚያውቅ እንጃ።

በዝቅተኛው ወሰን መዝሀቦች ተለያይተዋል። ሐነፊዮች ከ10 ዲርሀም (ወደ 30 ግራም ከሚጠጋ ብር) አያወርዱም፤ ማሊኪዮች ሩብ ዲናር ወይም 3 ዲርሀም ይላሉ፤ ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ለግዢ ዋጋ መሆን የሚችል ሁሉ መህር ይሆናል ይላሉ። ከፍተኛ ወሰን የለውም። ዑመር (ረ.ዐ) መህር እንዳይጋነን መምከራቸው የተረጋገጠ ሲሆን፣ አንዲት ሴት ተነሥታ ሞገተቻቸው የሚለው ዝነኛ ታሪክ ግን በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ትችት አለበት። በኹጥባ ላይ የሚተርከው ኢማም ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው፤ ለጉዳዩ ማስረጃው ታሪኩ ሳይሆን አንቀጹ ራሱ ነውና።

ልማዱስ?

በአማርኛ ጥሎሽና ማጫ፣ በኦሮሞ ማኅበረሰቦች ገበራ፣ በሶማሌ ዘንድ ያራድ የሚባሉት ሥርዓቶች በስም ይመሳሰሉ እንጂ በተቀባይ ይለያያሉ። ጥሎሽ ባብዛኛው ለሙሽሪት የሚመጣ ነው። ያራድና ገበራ ግን ለሴቷ ቤተሰብ የሚሰጡ ናቸው፤ በሶማሌ ልማድ መህር ከያራድ ተለይቶ በራሱ ስም መጠራቱ ሕዝቡ ራሱ ልዩነቱን እንዳወቀ ያሳያል። አደጋው ያለው ሁለቱ በተደባለቁበት ቦታ ነው፤ ለአባትና ለአጎት የተሰጠው ከብት «መህሯ ተከፍሏል» ተብሎ ሲቆጠር፣ ወይም በተቃራኒው ብዙ ወርቅ ለሙሽሪት መጥቶ በኒካሁ ላይ የተነገረው መህር አንድ ሙስሐፍ ብቻ ሲሆን። ሙስሐፍ መህር መሆኑ ነውር የለበትም። ነገር ግን ባል ከዓመታት በኋላ «መህሯ ሙስሐፍ ነው፤ ወርቁ ላይ ሐቅ የላትም» ብሎ ሲከራከር ኢማሙ የሚመልሰው ቃል ሊኖረው ይገባል።

ይህን ክርክር ፉቀሃእ ከእኛ በፊት አይተውታል። መርጊናኒይ (593 ዓ.ሂ ያረፉት) በሂዳያ ላይ ያስቀመጡት ሕግ ይህ ነው፦ ባል ለሚስቱ አንድ ነገር ልኮ፣ እርሷ «ስጦታ ነው» እርሱ «ከመህሩ ነው» ቢሉ የሚሰማው የባል ቃል ነው፤ ለመብል ተዘጋጅቶ የተላከ ነገር ሲሆን ግን የሚሰማው የሚስት ቃል ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰጪው ባል ስለሆነ በምን አሳብ እንደሰጠ የሚያውቀው እርሱ ነው፤ ግዴታውን ለመወጣት መሻቱም ይገመታል። የተጠበሰ ሥጋ ልኮ «ከመህሯ ቁጠሩልኝ» የሚል ግን በልማድ የለም።

ኢብኑል ሁማም (861 ዓ.ሂ ያረፉት) ይህን ሕግ ሲያብራሩ በቃሉ ላይ አልቆሙም። በእርሳቸው ሀገር፣ በግብጽ፣ ስንዴው፣ ለውዙ፣ ዱቄቱ፣ ስኳሩ፣ በሕይወት ያለው በግ ሳይቀር ወደ ሙሽሪት ቤት የሚላከው በስጦታነት መሆኑን አስተዋሉ። ስለዚህ ጥሬም ቢሆን፣ ለመብል ባይዘጋጅም፣ በነዚህ ሁሉ የሚሰማው የሚስት ቃል ነው አሉ። የቀደመው ኪታብ «የተዘጋጀ መብል» ያለው ዒላው መብልነቱ ስላልነበረ ነው፤ ዒላው ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር የሚልኩት በምን አሳብ ነው የሚለው ነው። ልማዱ ሲሰፋ ብይኑም ሰፋ።

የበጉና የስኳሩ ነገር ከወሎ ወይም ከባሌ ሠርግ ብዙም የራቀ አይደለም፤ ለዚህም ነው ምሳሌውን ያስረዘምነው። አንድ ኢማም በአካባቢው «ሽማግሌ ሲሄድ ለሙሽሪት የሚመጣው የአንገት ወርቅ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅና ሕዝቡ ሁሉ «ስጦታ ነው፤ ከመህር አይቆጠርም» ቢል፣ በኢብኑል ሁማም መንገድ ብይኑ ከሚስት ጋር ይሄዳል። በሌላ ወረዳ ደግሞ ወርቁ የመህሩ ቅድሚያ ክፍያ ሆኖ ይታወቅ ይሆናል፤ በዚያ ብይኑ ይለያል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተጻፈ አንድ ፈትዋ ለሁሉም ወረዳ አይበቃም። የአካባቢውን ልማድ የማያውቅ ሰው ኪታቡን ቢያውቅም በዚህ ጉዳይ ሊፈርድ አይችልም።

ከዚህም የጠለቀ ምሳሌ በማሊኪዮች ዘንድ አለ፤ ቀራፊይ (684 ዓ.ሂ ያረፉት) አስተላልፈውታል። ባልና ሚስት አብረው መኖር ከጀመሩ በኋላ በመህሩ መከፈል ላይ ቢካሰሱ፣ ኢማም ማሊክ የሚሰማው የባል ቃል ነው ብለው ነበር። ይህ በመጀመሪያ እይታ ያስገርማል፤ አንድ ነገር ተከፈለ የሚል ሰው ማስረጃ ማቅረብ ያለበት እርሱ ነውና። ቃዲ ኢስማዒል (282 ዓ.ሂ ያረፉት፣ የባግዳድ ቃዲ) ምስጢሩን ፈቱት፦ በመዲና ልማድ ሴት መህሯን ሙሉ ለሙሉ ሳትቀበል ወደ ባሏ ቤት አትገባም ነበር፤ አብሮ መኖሩ ራሱ የክፍያ ምስክር ነበር። በእኛ ዘመንና ሀገር ግን ልማዱ ተገላብጧል፤ ስለዚህ የሚሰማው የሚስት ቃል ነው፣ ከመሐላዋ ጋር። ቃዲው የማሊክን መዝሀብ አልጣሱም። የማሊክን ቃል በፊደሉ ይዞ ልማዱ በተለወጠበት ሀገር መፍረድ ነበር መዝሀቡን መጣስ የሚሆነው። ቀራፊይም ይህን መሠረት አድርገው፣ በልማድ ላይ የቆመ ብይን ልማዱ ሲሄድ አብሮ እንደሚሄድ፣ ሙፍቲ ከሌላ ሀገር የመጣን ጠያቂ በራሱ ሀገር ልማድ ሳይሆን በጠያቂው ሀገር ልማድ ሊመልስለት እንደሚገባ አስረግጠዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በእኛ ዘመን ስንት ሙሽራ ነው መህሩን ሙሉ ከፍሎ ሙሽሪትን የሚወስደው? በብዙ ቦታ መህሩ ይነገራል፣ ይመዘገባል፣ ከዚያም ይረሳል። እንዲህ ባለ ልማድ ውስጥ «አብረን ስለኖርን ከፍያለሁ» የሚል ባል በቃዲ ኢስማዒል መንገድ ማስረጃ ማምጣት አለበት።

የልማድ ወሰን

«ዓዳ ፈራጅ ናት» የሚለው ቀዋዒድ በሱዩጢይ (911 ዓ.ሂ) እና በኢብኑ ኑጀይም (970 ዓ.ሂ) የአሽባህ ኪታቦች፣ በኋላም በዑስማኒያው መጀለህ 36ኛ አንቀጽ ሰፍሯል። ቀዋዒዱ ግን ከነሸርጦቹ ነው የሚወሰደው፦ ልማዱ የተስፋፋ ሊሆን፣ ውሉ ሲፈጸም የነበረ ሊሆን፣ ነስን የማይቃረን ሊሆን፣ ተዋዋዮች በግልጽ ተቃራኒውን ያልተናገሩ ሊሆን ይገባል። ለኢማም ከሁሉ የሚጠቅመው የመጨረሻው ሸርጥ ነው። ግልጽ ቃል ካለ ልማድ ዝም ይላል። ከላይ ያየናቸው ክርክሮች ሁሉ የተወለዱት ውሉ ዝም ስላለ ነው፤ በኒካሁ ላይ «የአንገት ወርቁ ስጦታ ነው፤ መህሩ ይህን ያህል ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገር ኢብኑል ሁማምም ባላስፈለጉን ነበር።

ነስን የሚቃረነው ልማድ ደግሞ አባት መህሩን ለራሱ ማድረጉ ነው። የኒሳእ 4ኛ አንቀጽ ተነጋጋሪዎቹ እነማን እንደሆኑ ሙፈሲሮች ሲወያዩ፣ ከአቡ ሷሊህ የተላለፈው አስተያየት አንቀጹ የወረደው የሴቶችን መህር ይወስዱ በነበሩ ወሊዮች ላይ ነው ይላል፤ ጠበሪይ ጠቅሰውታል። አባት ለራሱ የተለየ ነገር ሸርጥ ቢያደርግስ? ኢብኑ ሩሽድ በቢዳየቱል ሙጅተሂድ ሦስት አቋም ይዘረዝራሉ፤ አቡ ሐኒፋ ሸርጡንም መህሩንም ያጸናሉ፣ ሻፊዒይ መህሩ ፈርሶ የአምሳያዋ መህር ይገባታል ይላሉ፣ ማሊክ ደግሞ ከኒካሁ ጋር የተሸረጠው ለእርሷ ነው፣ ከኒካሁ በኋላ የተሰጠው ለአባት ነው ብለው ይለያሉ። ወደ ማሊክ አስተያየት የሚያዘነብል ሰው በአቡ ዳዉድ የተዘገበውን የዐምር ኢብኑ ሹዐይብን ሐዲስ ይዟል። በእኔ እይታ ለእኛ ሀገር ሁኔታ ይህኛው የተሻለ ነው፤ አማች ለአማች የሚያደርገውን አክብሮት ሳይከለክል፣ በውሉ ጊዜ በእጅ አዙር የሚወሰደውን ለባለቤቷ ይመልሳልና።

የዘገየው መህር

በዐረብኛ በቅድሚያ የሚከፈለው «ሙዐጀል»፣ የሚቆየው «ሙአጀል» ይባላሉ። በዐረብኛ ድምፃቸው የተለያየ ነው፤ በአማርኛ አፍ ግን ዐይኑና አልፉ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ሁለቱ ቃላት ሲነገሩ አይለዩም። መጅሊሱ ላይ የተቀመጡ ምስክሮች «ሙአጀል አሥር ሺህ» ሲባል ሰምተው ከዓመታት በኋላ ምን እንደሰሙ ቢጠየቁ በሐቅ መመለስ አይችሉም። «የቅድሚያ» እና «የዘገየ» ብሎ በአማርኛ መናገር ከዚህ ያድናል።

የዘገየው መቼ ይከፈላል? ቀኑ ካልተነገረ ሐነፊዮችና ሐንበሊዮች በሞት ወይም በፍቺ ይደርሳል ይላሉ፤ ሐነፊዮች ይህን የሚሉት በልማድ ተደግፈው ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ግን ጊዜው ያልታወቀ መዘግየት የተሰየመውን መህር ያፈርሰዋል፤ ለሴቷ የሚገባትም የአምሳያዋ መህር ይሆናል። በሐረርና በሶማሌ ሻፊዒይ መዝሀብ፣ በወሎ ደግሞ ሐነፊይና ሻፊዒይ ጎን ለጎን መኖራቸው ይታወቃል። ስለዚህ «ቀሪው ወደፊት» ብሎ ማሰር በአንዱ ቀበሌ ሙሉ ውል ሲሆን በአጠገቡ ባለው ቀበሌ የፈረሰ ስያሜ ይሆናል። ቀን መቁረጥ፣ ወይም በየትኛው መዝሀብ እንደታሰረ መጻፍ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር የገንዘቡ ዋጋ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት 5,000 ብር ተብሎ የዘገየ መህር ያን ጊዜ የሚገዛውን ዛሬ አይገዛም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን ሁላችንም አይተናል። ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 በኩዌት ባደረገው ጉባኤ በገንዘብ የተወሰደ ዕዳ በአምሳያው እንጂ በዋጋው አይመለስም ብሏል። ከቀደምቶቹ አቡ ዩሱፍ የፉሉስ ዋጋ ሲለወጥ ዋጋው ይታሰባል ብለዋል፤ ኢብኑ ዓቢዲንም በዚህ ላይ ራሱን የቻለ ሪሳላ ጽፈዋል። በጃዕፈሪ መዝሀብ የምትመራው ኢራን እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ በገንዘብ የተነገረ መህር በዋጋ መለኪያ እየታየ እንዲስተካከል አድርጋለች። ክርክሩ ገና ያላለቀ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ውስጥ የሚገባው መህሩ በብር ሲነገር ብቻ ነው። «ሃያ ግራም ባለ 21 ካራት ወርቅ» ተብሎ የተነገረ መህር በየትኛውም መዝሀብ ከነዋጋው ይቆያል፤ ሙሽራውም ሲከፍል ምን እንዳለበት ያውቃል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚጎዳው ባል ሲሞት የሚሆነው ነው። የዘገየ መህር ዕዳ ነው፤ የኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች ደግሞ ውርስ የሚከፈለው ከኑዛዜና ከዕዳ በኋላ መሆኑን ይደነግጋሉ። ለምሳሌ ሟቹ ልጆች ያሉት፣ 800,000 ብር የተወና 200,000 ብር የዘገየ መህር ያለበት ነው እንበል፤ ሌላ ዕዳም ኑዛዜም የለበትም። መህሩን የዘነጋ ሽማግሌ ለሚስት ስምንተኛዋን፣ 100,000 ብር ሰጥቶ ይሸኛል። በሸሪዓ ግን መጀመሪያ 200,000 ብሩን በአበዳሪነቷ ትወስዳለች፤ ከቀሪው 600,000 ስምንተኛው 75,000 በወራሽነቷ ይደርሳታል፤ በድምሩ 275,000 ብር ይሆናል። ልዩነቱ 175,000 ብር ነው። ይህ ሁሉ የሚጠፋው ባል ክዶ አይደለም፤ ባል የለም፤ ለቅሶ ቤት ከተቀመጡት ውስጥ «መህሯስ?» ብሎ የሚጠይቅ ባለመኖሩ ነው። መበለቲቱ ራሷ በሐዘን ውስጥ ሆና የገንዘብ ነገር ማንሣት ነውር ስለሚመስላት ዝም ትላለች። ጥያቄው ከኢማሙ መምጣት አለበት፤ ቢቻል ጀናዛው ሳይቀበር፣ የሟቹ ዕዳ በሚጠየቅበት ሰዓት፣ ከሌሎች ዕዳዎች ጋር።

መጻፍ

የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ የጊዜ ዕዳ እንዲጻፍ ያዛል፤ የዘገየ መህርም የጊዜ ዕዳ ነው። የሀገሪቱ ሕግም ለዚህ በር ከፍቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) የግልና የቤተሰብ ክርክሮች በተከራካሪዎቹ ፈቃድ በሃይማኖት ሕግ እንዲታዩ ይፈቅዳል፤ የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188/1992ም በዚሁ የፈቃድ መርሕ ላይ የቆመ ነው። ይህ ማለት አንደኛው ወገን ካልፈቀደ ጉዳዩ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ያለው ዳኛ የወሎን ወይም የአርሲን ዑርፍ ሊያውቅ አይጠበቅበትም፤ የሚያየው ሰነድ ነው።

የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻን ይቀበላል፤ ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም እንዲመዘገብ ይጠይቃል፤ ተጋቢዎች ንብረታቸውን በሚመለከት የጋብቻ ውል እንዲያደርጉም ይፈቅዳል። የጋብቻ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በአራት ምስክሮች፣ ሁለቱ በባል ሁለቱ በሚስት በኩል፣ ካልተረጋገጠ አይጸናም። እዚህ ላይ ኢማሞች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ለኒካሁ ሁለት ምስክር ይበቃል፤ መህሩን በጋብቻ ውል ለማስፈር ግን ሁለት ሰው መጨመር ያስፈልጋል። በኒካህ መጅሊስ ሰው አይታጣም፤ የሚታጣው ወረቀቱ ነው።

በውጭ ሀገር ለሚኖሩት ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በአሜሪካ አንዳንድ ፍርድ ቤቶች መህርን እንደ ተራ ውል አይተው አስፈጽመዋል፤ ሌሎች ደግሞ ቃሉ ግልጽ አይደለም ብለው ሳይቀበሉት ቀርተዋል። በወኪል፣ በስልክ ከሀገር ቤት የሚታሰር ኒካህ መህሩ በየትኛው ገንዘብና መቼ እንደሚከፈል ካልተጻፈበት በእነዚህ ፍርድ ቤቶች ፊት ክብደት አይኖረውም።

ስለዚህ በሰነዱ ላይ ሊሰፍር የሚገባው ብዙ አይደለም፤ መህሩ በወርቅ ግራም ወይም በሌላ ዋጋው በሚቆይ ነገር፣ ከእርሱ የተከፈለውና የዘገየው፣ የዘገየው የሚከፈልበት ቀን፣ በጥሎሽ የመጣው ጌጥ ስጦታ ይሁን ከመህሩ፣ የምስክሮቹና የሁለቱ ተጋቢዎች ፊርማ። ቅጂው አንዱ በሙሽሪት እጅ ይቀመጥ፤ በወሊይ እጅ ብቻ የተቀመጠ ሰነድ በወሊዩና በእርሷ መካከል ክርክር በተነሣ ቀን አይገኝም።

ለመምህራን ደግሞ አንድ የትምህርት ዘዴ እንጠቁም። ደረሳው የሚንሃጅን ወይም የቁዱሪን የሰዳቅ ባብ ከመጀመሩ በፊት በየመንደሩ ለሙሽሪት የሚመጣውን ሁሉ፣ ከበግ እስከ ስልክ ቀፎ፣ በዝርዝር ጽፎ እንዲመጣ፣ በእያንዳንዱም አጠገብ የሀገሩ ሰው ስጦታ ነው ወይስ መህር እንደሚለው እንዲያስፍር ይታዘዝ። ከዚያ የመርጊናኒይና የኢብኑል ሁማም ቃል ከዝርዝሩ ጋር ጎን ለጎን ይቀራ። ደረሶቹ ከተለያየ ወረዳ ከመጡ ዝርዝሮቹ አይገጥሙም፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል።